ኮዱ ክፍት፣ ቁጥሩ ዝግ

ጠጋ በሉ፤ ይህ ከጓዳ የሚወራ ነው። ቢትኮይንን ወደ ዶላር፣ ወደ ዩሮ፣ ወደ ብር የሚያሰሉ ድረ ገጾችን የምንሠራ ሰዎች ደንበኛ ፊት የማንናገረው አንድ ነገር አለን። ሥራው ቀላል ነው። ሁለት ሳጥን፣ በመካከላቸው አንድ የመገልበጫ ምልክት፣ ከጀርባ አንድ ማባዣ። በግራው ሳጥን 0.5 ቢትኮይን ትጽፋላችሁ፣ በቀኙ ስንት ዶላር እንደሚሆን ይወጣል። ጃቫስክሪፕት ገና የጀመረ ተማሪ ከምሳ በኋላ ተቀምጦ ለእራት ሊያደርሰው ይችላል። ፕሮግራመሮች ኮድ በሚያጋሩበት በጊትሃብ ላይ እንዲህ ያለው ሥራ ሞልቶ ተርፏል፤ ብዙው በኤምአይቲ ፈቃድ የተለቀቀ ስለሆነ የፈቃዱን ጽሑፍ እስካልፋቃችሁ ድረስ ወስዳችሁ፣ ቀለሙን ቀይራችሁ፣ የራሳችሁን አርማ ብትለጥፉበት የሚጠይቃችሁ የለም።

ታዲያ ምኑ ነው በሹክሹክታ የሚወራው? ማባዣው ውስጥ የሚገባው ቁጥር ነው። “ኦፕን ሶርስ (ክፍት ኮድ) ነው” ሲባል ሰው ሁሉ ነገር ወለል ብሎ የታየው ይመስለዋል። የታየው ማባዣው ብቻ ነው። የሚባዛው ዋጋ የሚመጣው ከሌላ ሰው ቤት ነው፤ የዚያ ቤት በር ደግሞ ተቆልፏል።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ። ቢትኮይን በጃንዋሪ 2009 ሲጀምር ዋጋ የሚባል ነገር አልነበረውም። (ዓመትና ወሩን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የዘርፉ ሰው የሚያወራው በዚያ ነው።) በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ኒው ሊበርቲ ስታንዳርድ በሚል ስም የሚታወቅ ሰው ተራ ገጽ ከፍቶ ዋጋ ለጠፈ፤ በአንድ ዶላር 1,309.03 ቢትኮይን። ከየት አመጣው? ከመብራት ሒሳብ። አንድ ኮምፒውተር በዓመት ይበላል ያለውን 1,331.5 ኪሎዋት ሰዓት ወሰደ፤ በአሜሪካ መኖሪያ ቤቶች አማካይ የመብራት ዋጋ፣ በ0.1136 ዶላር፣ አበዛው፤ ለ12 ወር ከፈለው፤ ያንን ደግሞ የራሱ ኮምፒውተር ባለፉት 30 ቀናት ላመረተው ቢትኮይን አካፈለው። ቢትኮይንን በመንግሥት ገንዘብ የተመነ የመጀመሪያው ገጽ ይኸው ነው። ከዛሬዎቹ ብዙዎቹን በአንድ ነገር ይበልጣል፤ ቀመሩን እዚያው ጽፎት ነበር። ያልተዋጠለት ሰው እርሳስ አንስቶ መሟገት ይችላል።

በዚያው ወር፣ ኦክቶበር 12 ቀን፣ ማርቲ ማልሚ የተባለው ፊንላንዳዊ ፕሮግራመር ለዚሁ ሰው 5,050 ቢትኮይን በ5.02 ዶላር ሸጠለት። አካፍሉት፤ በዶላር 1,006 ገደማ ይመጣል። መጀመሪያ ከተለጠፈው ዋጋ ሩብ ያህል ይርቃል። የተለጠፈ ዋጋና እጅ በእጅ የተከፈለ ዋጋ ገና በጠዋቱ ተለያይተዋል፤ እስከ ዛሬም አልታረቁም።

አሁን ዋጋው የሚመጣው ከኤክስቼንጆች ነው። ኤክስቼንጅ ደግሞ አንድ አይደለም፤ እያንዳንዱ የየራሱ ገዥና ሻጭ፣ የየራሱ የመጨረሻ ግብይይት አለው። መርካቶ ገብቶ “በርበሬ ስንት ነው?” ያለ ሰው “የየትኛው ሱቅ?” ተብሎ እንደሚጠየቀው መሆኑ ነው። ከዚህ ጥያቄ እንድንገላገል ዋጋ ሰብሳቢዎች ተፈጠሩ፤ ኮይንማርኬትካፕ በ2013፣ ኮይንጌኮ በ2014። ከየኤክስቼንጁ ዋጋ ይለቅማሉ፣ ብዙ ለሚሸጥበት ገበያ ትልቅ ክብደት ይሰጣሉ፣ ከዚያ አንድ አማካይ ያወጣሉ። የእኛ ገጽ ያንን አማካይ በኤፒአይ፣ ፕሮግራም ከፕሮግራም መረጃ በሚጠይቅበት መስመር፣ ይቀበላል። ተቀብሎም የራሱ አስመስሎ ያሳያል።

አማካዩ ውስጥ ማን እንደሚገባ የሚወስነው ማን ነው? ጃንዋሪ 8 ቀን 2018 ይህ ጥያቄ አደባባይ ወጣ። በዚያ ሰሞን በደቡብ ኮሪያ ኤክስቼንጆች ላይ ክሪፕቶ ከሌላው ዓለም እጅግ ተወዶ ይሸጥ ነበር፤ ነጋዴዎቹ “የኪምቺ ጭማሪ” ይሉታል። ኮይንማርኬትካፕ፣ ብራንደን ቼዝ የተባለ ፕሮግራመር የጀመረው ያ ገጽ፣ የኮሪያዎቹን ዋጋ ከስሌቱ አወጣ። አስቀድሞ ለማንም አልተናገረም። በአንድ ጊዜ የብዙ ሳንቲሞች ዋጋ ገጹ ላይ ወደቀ፤ በተለይ ኮሪያውያን አብዝተው የሚገበያዩበት ኤክስአርፒ የተባለው ሳንቲም። አንድም ሰው ሳይሸጥ ገበያው የተንኮታኮተ መሰለ። ይህን ያየ ሰው ደነገጠና በእውነት መሸጥ ጀመረ። ከስሌት የተወለደ ውድቀት እውነተኛ ውድቀት ወለደ። ያን ቀን በመላው ዓለም ያሉ መመንዘሪያ ገጾች ኮዳቸው አልተበላሸም፣ ሰርቨራቸው አልወደቀም፤ ሁሉም በትክክል እያባዙ ነበር።

በዓመቱ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። ቢትዋይዝ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በማርች 2019 ለአገሪቱ የዋስትናዎችና ኤክስቼንጅ ኮሚሽን ባቀረበው ጥናት ኤክስቼንጆች ከሚያስመዘግቡት የቢትኮይን ግብይይት 95 በመቶ ያህሉ የሐሰት ነው አለ። የኤክስቼንጁ ሮቦት ከራሱ ገዝቶ ለራሱ ይሸጣል፤ ደንበኛ የበዛበት ገበያ ለመምሰል። ልብ በሉ፤ አማካዩ ክብደት የሚሰጠው ለግብይይት ብዛት ነው። ግብይይቱ ልብ ወለድ ከሆነ ክብደቱም ልብ ወለድ ነው። ሰብሳቢዎቹ ከዚያ ወዲህ ማጣሪያቸውን አጥብቀዋል፤ ሐቁን መካድ አይገባም። ማጣሪያው ምን እንደሚያስቀርና ምን እንደሚያሳልፍ የመጨረሻውን ቃል የሚናገሩት ግን ራሳቸው ናቸው።

ባለቤትነቱንም ላንሳው፤ በዘርፉ ውስጥ ሁሉም ያውቀዋል፣ ከዘርፉ ውጭ ማንም አያወራውም። ኮይንማርኬትካፕን በኤፕሪል 2020 የገዛው ባይናንስ ነው፤ ኤክስቼንጅ ነው። የክሪፕቶ ዜናና ዋጋ የሚያወጣውን ኮይንዴስክን በኖቬምበር 2023 የገዛው ቡሊሽ ነው፤ እሱም ኤክስቼንጅ ነው። ዋጋ ነጋሪው የዋጋው ተጠቃሚ ቤት ውስጥ ተከራይቷል ማለት ነው። ቁጥሩን ያጣምማሉ እያልኩ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ማስረጃ የለኝም። ግን ኦፕን ሶርስ ብለን የምንመካበት ሥራ እምብርቱ እዚያ መሆኑን ለተጠቃሚ የሚነግር ገጽ ስንት አይታችኋል?

ኮይንዴስክን ካነሳሁ አይቀር፤ ነጻ የቢትኮይን ዋጋ ኤፒአይ ነበረው። ለዓመታት ፕሮግራሚንግ የሚማር ሰው ሁሉ “የመጀመሪያ መመንዘሪያችሁን ሥሩ” ሲባል የሚጠራው እሱን ነበር። ምዝገባ የለ፣ ቁልፍ የለ፣ አንድ አድራሻ ብቻ። ከዚያ ተዘጋ። በእሱ ላይ የቆሙ የመማሪያ ጽሑፎችና ትናንሽ ገጾች በየቦታው ባዶ ሳጥን ይዘው ቀሩ። ኮዳቸው አሁንም ጊትሃብ ላይ አለ፤ ክፍት ነው፤ ምንም አይሠራም።

ከዚህ የሚብሰው ዝም ብሎ የሚሠራው ነው። ነጻ ኤፒአይ ኮታ አለው። የኮይንጌኮን ነጻ መለያ እንውሰድ፤ በወር 10,000 ጥያቄ ይፈቅዳል። በየደቂቃው ዋጋ ልጠይቅ ካላችሁ በ30 ቀን 43,200 ይሆናል፤ ስለዚህ ወሩ ሳይጋመስ ኮታው ያልቃል። እንዲበቃ ከፈለጋችሁ በአራት ደቂቃ ተኩል አንድ ጊዜ ገደማ ነው መጠየቅ የምትችሉት። ይህ እንግዲህ ሰርቨራችሁ አንድ ጊዜ ጠይቆ ለሁሉም ጎብኚ ሲያካፍል ነው። እያንዳንዱ ጎብኚ ከራሱ ብሮውዘር በቀጥታ የሚጠይቅ ከሆነማ ገጹ ትንሽ ታዋቂ የሆነ ዕለት ይዘጋል።

ኮታው ሲያልቅ ምን ይደረጋል? ሐቀኛው ገጽ “ዋጋ ማግኘት አልተቻለም” ይላል። ባለሙያው ግን ይህን አይወደውም፣ ደንበኛውም አይወደውም፤ ቀይ ጽሑፍ ያስፈራል። ስለዚህ የመጨረሻውን የተገኘ ዋጋ አስቀምጦ እሱኑ ያሳያል። የሦስት ሰዓት ሊሆን ይችላል፣ የትናንት ሊሆን ይችላል። አጠገቡ አረንጓዴ ነጥብ ብልጭ ድርግም ትላለች። ያቺን ነጥብ ተጠንቀቋት። በብዙ ገጽ ላይ ከዋጋው ጋር ምንም ግንኙነት የላትም፤ የማሳያ ቀለም ናት፤ ሰርቨሩ ሞቶም ብልጭ ማለቷን አትተውም። ለእኔ የመመንዘሪያ ገጽ ጥራት የሚለካው በአንዲት ትንሽ መስመር ነው፤ ዋጋው የተወሰደበት ሰዓት፣ ከእነ ምንጩ ስም። ሌላው ጌጥ ነው።

ስለ ዶላርም አንድ ነገር አለ። “ቢትኮይን በዶላር” ተብሎ የሚቀርበው ዋጋ ብዙ ጊዜ እንደ ዩኤስዲቲና ዩኤስዲሲ ባሉ የክሪፕቶ ሳንቲሞች የተገኘ ነው። በዓለም ትልልቆቹ የቢትኮይን ገበያዎች የሚገበያዩት በባንክ ዶላር ሳይሆን ዶላርን እንዲከተሉ በተሠሩ በእነዚህ ሳንቲሞች ነው። ቸኳይ ፕሮግራመር አንድ መስመር ይጽፋል፤ አንድ ዩኤስዲቲ እኩል ነው አንድ ዶላር። ብዙውን ቀን አያጣላም። ማርች 2023 ላይ ግን የሲሊከን ቫሊ ባንክ ሲወድቅ የዩኤስዲሲ አውጪ የሆነው ሰርክል ከመጠባበቂያው 3.3 ቢሊዮን ዶላር እዚያ እንደተያዘበት አሳወቀ፤ አንዱ ዩኤስዲሲ በዚያ ቅዳሜ ወደ 88 ሳንቲም ወረደ። ያችን መስመር ለዩኤስዲሲም የጻፉ ገጾች ቅዳሜውን በሙሉ ያለምንም ኀፍረት አንድ ዶላር እያሉ ዋሉ። ቅዳሜ ባንክ ቢዘጋም የክሪፕቶ ገበያ አይዘጋም፤ የሚያርማቸው ዋጋ ፊት ለፊታቸው ነበር።

ምንጩን አንድ ብቻ ማድረግም እንዲሁ ነው። ኦክቶበር 21 ቀን 2021 ባይናንስ ዩኤስ ላይ ቢትኮይን ለአፍታ ከ65,000 ዶላር ወደ 8,200 ወረደ። ምክንያቱ የአንድ ትልቅ ነጋዴ ፕሮግራም ስህተት ነበር። ሌላው ገበያ ሁሉ ባለበት ነው። ከሦስት ከአራት ቦታ ወስዶ መካከለኛውን የሚመርጥ ገጽ ያንን ቅጽበት ሳያየው አለፈ። እዚህ ጋ አማካይ ሳይሆን መካከለኛ ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ አራቱን ደምሮ ለአራት የሚያካፍል ሰው የአንዱን እብደት ለሁሉም ያከፋፍላል።

አሁን ወደ ማባዣው ልመለስ፤ ቀላል ነው ብዬ የለ፣ እዚያም ቢሆን ጉድጓድ አለ። ጃቫስክሪፕት ውስጥ 0.1 እና 0.2 ደምሩ፤ 0.30000000000000004 ይላችኋል። ኮምፒውተሩ አስርዮሽን በሁለትዮሽ ስለሚይዝ ነው። አንድ ቢትኮይን መቶ ሚሊዮን ሳቶሺ አለው። ተጠቃሚው አንድ ሳቶሺ ስንት ቢትኮይን ነው ቢል ያልተጠነቀቀ ገጽ 0.00000001 በማለት ፈንታ የሳይንቲስት አጻጻፍ ያወጣበታል፤ “1e-8”። እናቴ ይህን ብታይ ስልኩ ቫይረስ ገባው ነው የምትለው።

መፍትሔው በሙሉ ቁጥር መሥራት ነው፤ ሁሉን በሳቶሺ ይዞ መጨረሻ ላይ ብቻ ነጥብ ማስቀመጥ። እዚህ ላይ የሚገርም አጋጣሚ አለ። ጃቫስክሪፕት ሳይሳሳት የሚይዘው ትልቁ ሙሉ ቁጥር 9,007,199,254,740,991 ነው። ሊኖር የሚችለው ቢትኮይን በሙሉ፣ 21 ሚሊዮኑ፣ በሳቶሺ ሲቆጠር 2,100,000,000,000,000 ነው፤ በደንብ ይገባል። የኢቴሪየም ገንዘብ ኢቴር ግን አንዱ 18 ዜሮ ይዞ ነው የሚከፋፈለው፤ አንድ ነጠላ ኢቴር በትንሹ አሐዱ ሲቆጠር ከዚያ ጣሪያ ከመቶ እጥፍ በላይ ያልፋል። የዓለም ቢትኮይን በሙሉ የሚገባበት ሳጥን አንድ ኢቴር አይችልም። በቢትኮይን ጀምረው ኢቴርን “አንድ መስመር ብቻ ነው” ብለው የጨመሩ ገጾች መጨረሻ አካባቢ ያሉት አሃዞቻቸው ለምን እንደሚንሻፈፉ የሚገባቸው ዘግይቶ ነው። ቢግኢንት የሚባለው የቁጥር ዓይነት ለዚህ ነው ያለው።

በመንግሥት ገንዘብም በኩል ሁሉም ሁለት አሃዝ አይደለም። የን ከነጥብ በኋላ ምንም የለውም፤ የኩዌትና የባሕሬን ዲናር፣ የኦማን ሪያል ሦስት አሃዝ አላቸው። ባሕረ ሰላጤው ላይ የሚሠሩ ወገኖቻችን ይህን ከእኛ በላይ ያውቁታል። የኩዌት ዲናርን ሁለት አሃዝ ላይ የሚቆርጥ ገጽ የመጨረሻዎቹን ፊልሶች በልቶባቸዋል፤ ፊልስ ትንሽ ናት ብላችሁ አትለፏት፣ አንድ ዲናር ራሱ ከሦስት ዶላር በላይ ነው።

ደግሞ ብር አለ። እዚህ ቆም እንበል።

የመመንዘሪያ ገጽ ብር የሚያወጣው ብዙ ጊዜ በሁለት እርምጃ ነው፤ መጀመሪያ ቢትኮይኑን ወደ ዶላር፣ ከዚያ ዶላሩን ወደ ብር። ሁለተኛውን እርምጃ ፕሮግራመሩ በነጻ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያገኘው የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክን ዝርዝር ነው። ጥሩ ዝርዝር ነው፤ በሥራ ቀን አመሻሹ ላይ ይወጣል፣ ሠላሳ ያህል ገንዘቦች አሉት። ብር የለበትም። ስለዚህ ብርን ወደሚይዝ ሌላ ምንጭ ይሄዳል፤ ኦፕን ኤክስቼንጅ ሬትስን የመሰለ። ወይም የአንድ ባንክ ገጽ ላይ ያለውን ሰንጠረዥ በኮድ እየቀዳ ይወስዳል፤ ባንኩ የገጹን ገጽታ የቀየረ ዕለት መመንዘሪያው ወይ ይቆማል፣ ወይ የፓውንዱን አምድ በዶላር ቦታ ያነባል።

ይህ ሁሉ ግን የቴክኒክ ጉዳይ ነው። ትልቁ ጥያቄ የቱ ብር የሚለው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. (ይህችን እንኳ በራሳችን ልበላት) ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ማለዳ ንግድ ባንክ ላይ ከ74 ብር በላይ ሆነ። በቀን አንዴ የሚታደስ ምንጭ የያዘ ገጽ እስኪታደስ ድረስ 57 እያለ ይቆያል፤ ቢትኮይኑን በሰከንድ እያሳየ ብሩን በትናንት ያሰላል። ብዙ ሳምንት ሳይቆይ ዶላር ከመቶ አለፈ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ባንክ የራሱን ዋጋ ይለጥፋል፤ መግዣ አለ፣ መሸጫ አለ፣ ብሔራዊ ባንክ የሚያወጣው አመልካች ዋጋ አለ። ገጹ ላይ የምታዩት አንድ ቁጥር ከእነዚህ የአንዱ ምርጫ ነው፤ መራጩም ዙሪክ ወይም ባንጋሎር ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

ዩኤስዲቲ ለሚሸጥ የአዲስ አበባ ልጅ ግን ከእነዚህ አንዱም ዋጋው አይደለም። እሱ የሚያውቀው ሰው ለሰው የሚሸጥበትን ዋጋ ነው፤ በሞባይል ገንዘብ ወይም በባንክ ሒሳብ ዝውውር ብሩ የሚገባለትን። በሌላ በኩል ብሔራዊ ባንክ በጁን 2022 ባወጣው መግለጫ የአገሪቱ መገበያያ ብር መሆኑን፣ በቢትኮይንና በመሰሎቹ ክፍያ መፈጸም ሕገወጥ መሆኑን አስጠንቅቋል። (ያው አገር ለቢትኮይን አምራቾች የኤሌክትሪክ ኃይል በውጭ ምንዛሪ ይሸጣል፤ ኒው ሊበርቲ ስታንዳርድ ይህን ቢያይ ከመብራት ቆጣሪ የጀመረው ቀመሩ ሩቅ ሄደ ይል ነበር።)

እንግዲህ ገጹን የሚሠራው ሰው ምን ያድርግ? የሰው ለሰው ዋጋን ቢያስገባ ሕግ የማይፈቅደውን ገበያ ዋጋ እያስነገረ ነው። የባንክ ዋጋን ቢያስገባ ማንም የማይከፍለውን ዋጋ እያሳየ ነው፤ በዚያ ዋጋ ቢትኮይናችሁን የሚቀበል የባንክ መስኮት የለምና። እኔ የማዘነብለው ወደ ሁለተኛው ነው፤ ግን ቁጥሩ ብቻውን እንዲቆም አልፈቅድም። ከጎኑ “በእገሌ ባንክ የዛሬ መግዣ ዋጋ ሲሰላ” የሚል መኖር አለበት። ደንበኞች ይህችን ጽሑፍ አይወዷትም፤ “ገጹን ታጨናንቃለች፣ ሰው ይጠራጠራል” ይላሉ። እንዲጠራጠር እኮ ነው የተጻፈችው።

ስለ ደህንነት ብዙ አልልም፤ ሁለት ነገር ብቻ። ለሁለት ሳጥንና ለአንድ ማባዣ ብሎ ከኤንፒኤም፣ ከጃቫስክሪፕት የኮድ ፓኬጆች መደብር፣ መቶ ፓኬጅ የሚያወርድ ሰው የማያውቃቸውን መቶ ሰዎች ቤቱ አስገብቷል። በ2018 ኢቨንት ስትሪም የተባለውን ፓኬጅ ባለቤቱ ደክሞት “ልርዳህ” ላለው ሰው አስረከበ፤ ረዳቱ የኮፔይ ቦርሳ ተጠቃሚዎችን ቢትኮይን ለመስረቅ የተሠራ ኮድ ጨመረበት። ሴፕቴምበር 8 ቀን 2025 ደግሞ ቾክና ዲበግን ጨምሮ በሳምንት ከሁለት ቢሊዮን ጊዜ በላይ የሚወርዱ 18 ፓኬጆች በአንድ የማጭበርበሪያ ኢሜይል ተጠለፉ፤ የገባው ኮድ ብሮውዘር ውስጥ ተቀምጦ የክሪፕቶ መላኪያ አድራሻዎችን በሚመስሏቸው የሌባ አድራሻዎች ይቀይር ነበር። ሁለተኛው የኤፒአይ ቁልፍ ነው። ቁልፉን ከኮዱ ጋር ጊትሃብ ላይ የሰቀለ ሰው “አጠፋሁት” ቢልም የኮዱ የለውጥ ታሪክ ውስጥ ተቀምጧል፤ እንዲህ ያለ ቁልፍ የሚለቅሙ ሮቦቶች ሌት ተቀን አይተኙም። ያኔ ቁልፉን መሰረዝ እንጂ መስመሩን መሰረዝ አያድንም።

ገጹ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ንግግር አለ፤ ሁልጊዜ ይመጣል ማለት ይቻላል። ደንበኛው ሻይ ያዝዝና ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

“ልጄ፣ እዚህች ጋ አንዲት ‘ሽጥ’ የምትል ቁልፍ ብትጨምርልኝ ምን አለበት?”

“ጋሼ፣ ያቺ ቁልፍ ከገባች እኮ ካልኩሌተርነቱ ቀረ። ምንዛሪ ቤት ከፈቱ ማለት ነው።”

“ኮዱ ክፍት አይደል እንዴ፣ ማንም ያየዋል፤ ምን የሚደበቅ አለው?”

“ገንዘቡ ግን በእርስዎ እጅ ያልፋል።”

ዋጋ ማሳየት መረጃ ነው። የሰው ገንዘብ ተቀብሎ ለውጦ መመለስ ሌላ ሥራ ነው፤ በብዙ አገር ፈቃድ ይጠይቃል። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ይህን ቢያውቁት ይበጃል፤ የገንዘብ ሚኒስቴሩ ክፍል የሆነው ፊንሴን በማርች 2013 ባወጣው መመሪያ ክሪፕቶን እንደ ሥራ የሚለውጥ ሰው ገንዘብ አስተላላፊ ነው፣ መመዝገብ አለበት ብሏል። በአውሮፓ ሚካ የተባለው የክሪፕቶ ሕግ ከዲሴምበር 30 ቀን 2024 ጀምሮ በሙሉ ሥራ ላይ ውሏል። ክፍት ኮድ መሆንም ጋሻ አይሆንም፤ የክሪፕቶ ዝውውርን ዱካ ከሚያደበዝዘው ከቶርኔዶ ካሽ ሠሪዎች አንዱ የሆነውን ሮማን ስቶርምን የኒውዮርክ ጁሪ አባላት በኦገስት 2025 ያለ ፈቃድ ገንዘብ የማስተላለፍ ሥራ ለመሥራት በማሴር ጥፋተኛ ብለውታል። የእሱ ሥራ ከእኛ ሁለት ሳጥን ጋር አይነጻጸርም፤ ግን “ኮድ ብቻ ነው የጻፍኩት” የሚለው ክርክር የቱ ጋ እንደሚያልቅ ያሳያል።

ጋሼ ቁልፏን ካጣ ሌላ መንገድ ይጠቁሙታል፤ ወደ ኤክስቼንጅ የሚወስድ ማስፈንጠሪያ። በዚያ የገባ ሰው በተገበያየ ቁጥር ገጹ ኮሚሽን ያገኛል። ነጻ መመንዘሪያዎች እንጀራቸውን የሚያገኙት በአብዛኛው ከዚህና ከማስታወቂያ ነው። ክፉ አይደለም፤ ሰርቨርም ኪራይ አለው። ዋጋውን የሚነግራችሁ ገጽ ግዙ በሚልበት ቦታ ኮሚሽን የሚቆርጥ ከሆነ ግን ያንን ማወቅ መብታችሁ ነው፤ ማስፈንጠሪያውን ገልብጣችሁ ጽሑፍ ላይ ለጥፉት፣ ጅራቱ ላይ “ሪፈራል” የሚመስል ቃልና ኮድ ካለ ነገሩ ይኸው ነው።

ኮምፒውተር ላይ ሆናችሁ አንድ መመንዘሪያ ስትከፍቱ ደግሞ ኤፍ 12ን ተጫኑና “ኔትወርክ” የሚለውን ክፈቱ፣ ከዚያ ገጹን አድሱት። ቁጥሩ ከየት አድራሻ እንደመጣ በስሙ ይታያችኋል። አንድ አድራሻ ብቻ ከሆነ የዚያ ቤት እንግዳ ናችሁ። የሚታየው የራሱ የገጹ ሰርቨር ብቻ ከሆነ ምንጩ ከሰርቨሩ ጀርባ ነው፤ ጊትሃቡን ከፍታችሁ “ፌች” (fetch) የሚለውን ቃል ፈልጉ፣ እዚያ አጠገብ ተጽፏል። የብሩን አድራሻ ለብቻው ፈልጉት፤ ብዙ ጊዜ ከቢትኮይኑ የተለየ ነው። መልሱ ውስጥ ያለውን ሰዓት አንብቡ፤ ብዙ ጊዜ ረጅም ቁጥር ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ከ1970 ጀምሮ የተቆጠረ ሰከንድ ነው። ገጹ ላይ ከተጻፈው ሰዓት ጋር አስተያዩት። የብር አድራሻ ጨርሶ ካጣችሁ፣ ኮዱ ውስጥ ራሱ ዋጋው በእጅ ተጽፎ ተቀምጦ እንደሆነ እዩ፤ 57 የሚል ቁጥር ካገኛችሁ ከሐምሌ 2016 በፊት ጀምሮ ማንም አልነካውም።